«ተመስገን፣ ደህና ናት» ያለችኝ እናት

ለእህቴ ልጅ ለሸዋረግ፣ ሌኒንግራድ፤

እንደምን ከርመሻል? ብርዱ እንዴት አድርጎሻል? ጉንፋኑስ፣ ሳሉስ፣ ያ ትምህርት የሚሉት ራስ ምታትስ? እኔም፣ ባለቤቴ በለጥሻቸውም፣ እናትሽም መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የሚያመን የለም። ገብሱ ዘንድሮ አንገቱን ቀና አድርጓል።

አሁን ወደ ክሱ ልሻገር። ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ በቅሎዬን ከእኔ አስቀደምሽ። «ለበቅሎዋ ሰላም በሉልኝ፣ ለጋሼም» ትያለሽ። ምን አድርጌሽ ነው? ጮክ ብዬ ያነበብሁት ራሴ ስለሆንሁ ልደብቀው አልቻልሁም፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናትሽማ «ልክ ናት፣ ከሁለቱ ሥራ የምትሠራው በቅሎዋ ናት» አለች። በቅሎዋም ከዚያን ቀን ወዲህ ስጭናት በጎን እያየች ትንቀኛለች። ለማንኛውም ይቅር ብዬሻለሁ።

ወደ ላክሽኝ ጉዳይ ልመለስ። አፋቸውን ለመፍታት የዘገዩ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያቅታቸው፣ ሐሳባቸው የማይሰበሰብ ልጆች በከተማና በገጠር እኩል ይታከማሉ ወይ፣ ካልታከሙስ ለምን፣ ጠይቅልኝ ብለሽ ነበር። የመመረቂያ ጥናትሽ መሆኑ ሲገባኝ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ጥያቄዎችሽ ግን ለእኛ አገር ሰው አልተቆረጡም። «የልጅዎ ትኩረት እንዴት ነው?» ስል ሰዉ ሁሉ እኔኑ መልሶ ያየኛል። ስለዚህ «ውሃ ቅጂ ተብላ ስትላክ እንስራውን ምንጭ ላይ ረስታ ቢራቢሮ እያባረረች ትመለሳለች ወይ?» ወደሚል ለወጥሁት። አንዱ ሰውዬ «ይህንንማ ሚስቴም ታደርገዋለች» አለኝ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «እሱ ነው እንጂ! በሬ ሊገዛ ከላላ ገበያ ወርዶ ከበሮ ይዞ የመጣው!» ብላ መለሰችለት። እነሱን አስታርቄ ለመውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከተማው ውስጥ ሥራው ቀለለኝ። የመንግሥት ሠራተኛው የኃይለ ማርያም ልጅ፣ መልአኩ የሚባለው፣ ስሙን እንጂ ግብሩን ከሰማይ አላመጣም፤ የቄሱን ጃንጥላ ዘርግቶ ከጣሪያ የዘለለ እሱ ነው። አባቱ በአውቶቡስ ደሴ ወሰደውና አንዲት የሕፃናት ሐኪም አየችው። እንዴት እንደሚያዝ ለእናቱም ለአስተማሪውም አስረዳች። ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይማራል፤ የሚዘለው ደወል ሲደወል ብቻ ነው።

ከዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ወዳለው መንደር ወረድሁ። ሞላ ስለ ልጁ ብጠይቀው «እሷማ ፈዛዛ ናት፣ እሷም ልጅ ተብላ» አለኝ። ጻፍሁ። ጎረቤቱ ንግሥቴ «የእኔውማ ደንቆሮ ነው፤ እህል ከመጨረስ በቀር ምን ይረባል» አለችኝ። ያ «ደንቆሮ» እኮ እዚያው በር ላይ ቆሞ ዳዊቱን በቃሉ ያንበለብለዋል! እኔ ግን ያንንም ጻፍሁ። እንዲህ እንዲህ እያልሁ መንደሩን በሙሉ በሽተኛ አደረግሁት። ባሏ የሞተባት ቦጋለች ብቻ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ተመስገን፣ የእኔ ሐረግ ደህና ናት። እንደ ልጁ ሁሉ ናት» አለችኝ። ጎሽ፣ አንድ ጤነኛ ተገኘ ብዬ እሱንም ጻፍሁ።

ማታ ለበለጥሻቸው ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ሰው፣ እዚሁ ወሎ ቦረና አይደለም እንዴ የተወለድኸው? ጤነኛ ልጁን ለመጣ ለሄደው የሚያሞግስ የት አየህ? ቡዳ እንዳይበላበት ያንቋሽሸዋል እንጂ! የጨነቃትስ ደህና ናት ብላ በሩን የያዘችብህ ናት» አለችኝ። እኔንስ እናቴ «ይህ እንቅፋት» እያለች አይደል ያሳደገችኝ? ወረቀት የያዘ ሰው የገዛ አገሩን ወግ ይረሳል። እንዳለ ልኬልሽ ቢሆን ኖሮ፣ በቦረና አንዲት ጤነኛ ልጅ ተገኘች ብለሽ ለመምህሮችሽ ታነቢ ነበር፤ እሷም ታማሚዋ።

በማግስቱ ወረቀቱን ቤት ጥዬ ወንፊት ልዋስ ብዬ ወደ ቦጋለች ሄድሁ። ወንፊቱን ስትፈልግ ጓዳው ውስጥ አንድ ነገር ሲንደፋደፍ ሰማሁ። ሐረግ ናት። ወገቧ በጠፍር ከምሰሶው ጋር ታስሯል። ሰባት ዓመት ይሆናታል፤ ከአፏ የሚወጣው «እማ» እና «ውሃ» ብቻ ነው። ቦጋለች ወንፊቱን እንደያዘች መጥታ በመካከላችን ቆመች። «አያ አሻግሬ፣ ጭካኔ እንዳይመስልዎ። ከለቀቅኋት ወደ ገደሉ ነው የምትሮጠው። አምና በቀሚሷ ጫፍ ይዣት ነው የተረፈችልኝ» አለችኝ። ጠበል አመላልሳታለች። ሐኪም ዘንድስ ብላት፣ «በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ይዣት ልውጣ? ትልቋን ልጄን አስቻለችን ሊያጩ የመጡት በዘራቸው አለ ብለው ይመለሱብኛል» አለች። የደሴዋን ሐኪም ነገርኋት። ሰኞ አውቶቡስ አለ፣ እኔና በለጥሻቸው አብረን እንሄዳለን አልኋት። በሩን አሳየችኝ። «ወንፊቱን ይውሰዱና ይሂዱልኝ። ልጄ ደህና ናት» አለችኝ። ማንም ያላዘዘኝን ወንፊት ተሸክሜ አቀበቱን ወጣሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፤ እንደፈለግሽ አድርገሽ በትልልቅ ቃል አልብሽው። ችግሩ እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ ለመልአኩ አውቶቡስ ደረሰለት፣ ሐረግ ግን ጠፍር ብቻ ነው ያላት። እናቷ ከእኔና ከአንቺ ይበልጥ ትወዳታለች፤ ግን ውሃ በወረደች ቁጥር ነፍሷ ገደሉ ላይ ናት። ሰኞ ነገ ነው፤ ቦጋለች ግን ድምፅዋም የለ። ለእንዲህ ያለች ልጅ እቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻል ጠይቀሽ ቶሎ ጻፊልኝ። በዚህ አልቀልድም።

እናትሽ የዓለምዘርፍ፣ «ካልሲ ደርቢ፣ ፀጉርሽን ሳታደርቂ አትውጪ» ትልሻለች። በለጥሻቸው ትስምሻለች፤ ሩስያ ውስጥ ሽሮ አለ ወይ ብላም ትጠይቃለች። የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሚካኤል እዚያ ጾም እንዴት እንደሆነ ያሳስባቸዋል፤ እኔ ብርዱ ያስጾማታል ብያቸዋለሁ። ጎረቤታችን ብርሀንነሽም

ቆይ፣ ውሻው አበደ። ሰው መጥቷል መሰለኝ፤ ልየው።

ሸዋረግ፣ ቦጋለች ናት! በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሐል፣ የሰባት ዓመት ልጅ በጀርባዋ አዝላ መጣች። ላቧ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች። በለጥሻቸው «ኧረ ኸይር ነው?» ብትላት፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ፣ «ልጄ ደህና አይደለችም። አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?» አለች።

ሐረግ ከጀርባዋ ወርዳ ዶሮዎቹን አልጋ ላይ አስወጥታቸዋለች። አሁን ደግሞ ወደ እስክርቢቶዬ እየመጣች ነው

አጎትሽ አሻግሬ
መካነ ሰላም፣ እሑድ ኅዳር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.