ሞገድ ሰው አያመጣም

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ያለምወርቅ፣

እንዴት ነሽ? የወገብሽ ሕመም በዚህ ክረምት ፋታ ሰጠሽ ወይ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የእማማ ዓይንስ ተሻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሃና ትንኝ በቀር የደፈረኝ የለም።

አድራሻዬን አይተሽ ደንግጠሽ ይሆናል። ከጂንካ ወደ ሃና ተዛውሬአለሁ። አጥፍቶ ነው እንዳትዪኝ ነገሩን እንደ ሆነው ልንገርሽ።

መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል አዲስ የተቆፈረ የከብት ኩሬ ይመረቃል ተባለ። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ወልደሰማያት የሚባል፣ ስምንተኛ ክፍል ሁለት ጊዜ ወድቆ በጭብጨባ ያለፈ ሰው ነው። ሲናገር የአንገቱ ሥር ይገተራል እንጂ ቁም ነገር አይወጣውም። እሱ ሁለት በርሜል በጣውላ አሳስሮ፣ የትምህርት ቤታችንን ታይፒስት አስካልን ባንዲራ አስይዞ ኩሬውን እንድታቋርጥ በላዩ አቆማት። ዋና አታውቅም፤ እንቢ እንዳትል ደግሞ ስሟ ይመዘገባል።

በዘንግ እየገፋች መሐል ስትደርስ ዘንጉ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ከእጇ ወጣ። አንደኛው በርሜል ያፈስ ኖሮ ጣውላው መዝመም ጀመረ። አስካል ባንዲራውን ጥላ በእንብርክኳ ጣውላውን አቀፈች።

ያን ጊዜ ወልደሰማያት፣ ከማዶ ሆናችሁ ድንጋይ ወርውሩ፣ ሞገዱ ገፍቶ ያመጣታል ብሎ አዘዘ። እኔም ጠጋ ብዬ፣ ጓድ፣ ሞገድ ውሃውን ይዞ አይጓዝም፤ የሚጓዘው ንቅናቄው ነው፤ ውሃው እዚያው ከፍ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ በላዩ ያለውም እንደዚያው ነው አልኩት። እንግዲያው ትልልቅ ድንጋይ ይወርወር፣ ቶሎ ይደርሳል አለ። ትልቅ ድንጋይ የሞገዱን ከፍታ ይጨምራል እንጂ አያፈጥነውም፣ እሷን ግን ይገለብጣታል ብዬ ብነግረው፣ ይህ የከበርቴ ሳይንስ ነው ብሎ አፌን አስያዘኝ። ሕዝቡም መሪው ያዘዘው ነውና ወረወረ።

ክብ ክብ እየሠራ ሞገዱ እግራችን ሥር ደረሰ። አስካል ግን ካለችበት ስንዝር አልተነቃነቀችም። ከፍ ትላለች፣ ዝቅ ትላለች፤ በርሜሉም በእያንዳንዱ ዝቅታ ውሃ ይጠጣል። ስሜን እየጠራች ትጮኻለች። እኔስ ምን አደረግሁ? ከደንቆሮ ጋር ቆሜ እከራከር ነበር። ራሴንም አልምረውም።

ሶርሳ የሚባል ዘበኛ አለን፤ ከኦሞ ዳር፣ ከዱስ የመጣ ሰው ነው። ለገመድ ጉተታ የተዘጋጀውን ገመድ አንሥቶ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሠረ፤ ሌላውን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ ያዝ አለኝና ገባ። እየዋኘ ደርሶ ገመዱን ከጣውላው ጋር አሠረው፤ እኛም ጎተትን። ዳር ስትደርስ አንደኛው በርሜል ፈጽሞ ሰጥሞ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሪፖርት ተጻፈ። ሰፊው ሕዝብ በወረወረው ድንጋይ በተነሣው ሞገድ ጓዲት አስካል ዳነች ይላል። ታይፕ ያደረገችው ራሷ አስካል ናት። ከመጻፏ በፊት መጥታ፣ መምህር፣ ሁለት ልጆች አሉኝ አለችኝ። ጻፊ አልኳት። እሷን አልንቅም። ወልደሰማያት በምስክርነት ፈርም ሲለኝ ግን፣ መጀመሪያ የዘጠነኛ ክፍልን መጽሐፍ በጭብጨባ አስለውጥ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ።

የሶርሳ ስም በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ልሄድ ስል ቅጂውን አነበብኩለት። ውሃው እዚያው ነው፤ የሄድኩት እኔ ነኝ አለኝ። ዓመት ሙሉ በጠመኔ የለፋሁበትን እንዲህ ጨረሰው።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። አረጋሽንና ታደለን ትምህርታችሁን ያዙ በይልኝ። ለባለቤትሽ ለጋሼ መኮንን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታንብቢለት፤ እሱም ስብሰባ ላይ ከሚያጨበጭቡት ነው።

ወንድምሽ ንጉሤ
ሃና፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.