ፈተና ዕቁብ አይደለም

ለምወድዎ ወንድሜ ለጋሼ ዱጉማ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሲነዘንዝዎት የከረመው ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ባለቤትዎ እትዬ ወለተሰንበትስ ደህና ናቸው? ነቀምቴ ዝናቡ ዘግይቷል ሲሉ ሰምቼ ልቤ እናንተ ዘንድ ነው። እኔና ልጅዎ ፋዮ ግን፣ ክብር ለልደታዋ እመቤት ልጅ ይሁንና፣ ደህና ነን።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ባለፈው ስለ ፋዮ በስልክ ያሉኝን ሰምቼ ዝም ያልኩት ስላመንኩበት አይደለም። እኔ ስናገር ድምፄ አይወጣም፤ እርስዎ ደግሞ አያስጨርሱም። ወረቀት ግን መሃል ላይ አያቋርጠኝም።

«ወንድሞቿ ባጫም ሚደቅሳም አልፈው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ከአንድ ቤት ሁለት ዕጣ ወጥቶ ሦስተኛ ከየት ይመጣል? ፈተናው ይቅርባትና ፓስፖርት አውጥታ አረብ አገር ትሂድ» አሉኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አንድ ወር ሲቀረው!

ስንት ዘመን የዕቁብ ዳኛ ሆነው ሲኖሩ፣ የዓለም ነገር ሁሉ ከዚያች የዕጣ ጣሳ የሚወጣ መሰለዎት። በዕቁብ የደረሰው ሰው ስሙ ተመልሶ ጣሳው ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ የአንዱ መውጣት የሌላውን ዕድል ይለውጠዋል። ይህን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ፈተና ግን እንደዚያ አይደለም።

እኔ ፊደል የለየሁት ከአብነት ሰፈር ሱቆች ጨውና ስኳር በሚጠቀለልበት ወረቀት መሆኑን ያውቃሉ። አሁንም ልማዴ አልቀረም። በቀደም ምስር ተጠቅልሎበት የመጣ ቅዳጅ ላይ የፈተና ጥያቄ አየሁና ፋዮ ከእንግሊዝኛው ተረጎመችልኝ። ሳንቲም አራት ጊዜ ተወርውሮ አራቱንም ጊዜ አንበሳው ወጣ፤ በአምስተኛው አንበሳው የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው? ይላል። እኔም አምስተኛ ጊዜማ አይሆንም ብዬ ከምርጫዎቹ ትንሹን ቁጥር ያዝኩ። ፋዮ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አክስቴ፣ ወጥመዱ ውስጥ ዘው አልሽ! አራት ጊዜ አንበሳ መውጣቱን ለሳንቲሙ ማን ነገረው? መልሱ ግማሽ ነው» አለችኝ። ገና ሳይወረወር «አምስቱንም ጊዜ አንበሳ ይወጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ግን ግማሽን አምስት ጊዜ እርስ በርሱ እናባዛው ነበር አለች። ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው፣ የፊተኛው የኋለኛውን ይነካዋል ወይ? ነው።

እንግዲህ እኔም ልጠይቅዎ፤ የባጫ ማለፍ የፋዮን የመልስ ወረቀት በምን በኩል ይነካዋል? እርግጥ ልጅዎ ሳንቲም አይደለችም። ሳንቲም አያጠናም። እሷ በዚህ የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ሲንጫጩ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ታጠናለች።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ባጫ ካለፈ በኋላ ሚደቅሳ ሊፈተን ሲል «የቤቱ ዕጣ ወጥቷል» ብለው ነበር? በግ አርደው፣ ሽማግሌ ጠርተው «እንደ ወንድምህ እለፍ» ብለው አስመረቁት እንጂ! ያኔ የአንዱ ማለፍ ለሌላው ገድ ነበር። ሴቷ ጋ ሲደርስ ዕጣው አለቀ? ጋሼ፣ ይህ ሂሳብ አይደለም፤ አድልዎ ነው።

እሺ፣ በእርስዎ ሕግ እንሂድ። ፈተናው ዕቁብ ነው እንበል። ሁለቱ ወንዶች ከደረሳቸው ጣሳው ውስጥ የቀረው የማን ስም ነው? ዳኛው እርስዎ ነዎት፣ ይፍረዱ። ያልደረሰውን ዕቁብተኛ «በቃህ፣ ሂድ» ብለው አሰናብተው ያውቃሉ?

ፋዮን እንዲወስዱ የላኳቸው አቶ ገብረየሱስ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ከዚህ ቤት ይዘው የሚመለሱት ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው። ከወደቀችም በራሷ ውጤት ትውደቅ፤ የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን። ሳትፈተን ግን ከእጄ አትወጣም።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። እትዬ ወለተሰንበትን፣ ልጅዎ ጥናት አላከሳትም፣ አይስጉ ይበሉልኝ። ባጫና ሚደቅሳ ለእረፍት ሲመጡ ናፍቆቴን ያድርሱልኝ፤ እነሱ ሲያልፉ ከእህታቸው ዕድል ቅንጣት እንዳልወሰዱባትም ይንገሯቸው፣ እንዳይሳቀቁ። ፋዮ ሰላም አላለችዎትም፤ አቶ ገብረየሱስ መምጣታቸውንም አታውቅም። ትምህርት ቤት ናት።

እህትዎ ዲንቄ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 15 ቀን 2004 ዓ.ም.