ባቡር ለማየት የወጣ የይለፍ ወረቀት

ጂንካ፣ ጥር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

በእረፍታችን ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በባቡር ልንሄድ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ለገሃር ሄዶ ለእኔና ለባሌ ትኬት ቆርጧል፤ አንዱ ቦታ መስኮት አጠገብ ነው። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል።

ዛሬ የይለፍ ወረቀት ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። ሰው ሁሉ "በሽተኛ ልጠይቅ" ነው የሚለው። እኔ ግን ጸሎት ቤት የምዘምር ሰው ነኝና መዋሸቱ ከበደኝ። "ባቡር አይቼ ስለማላውቅ ላየው ነው" አልኳቸው ሊቀመንበሩን። ቀና ብለው አዩኝ።

"ባልሽ እኮ ጠዋት፣ አክስቴ ድሬዳዋ ታማለች ብሎ የራሱን ወረቀት ወስዷል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ማህተሙን መቱ።

"በሉ አክስትየዋን ጠይቋት። ባቡሩ እንዴት እንደሚጮህ ግን መጥተሽ ንገሪኝ፤ እኔም ሰምቼው አላውቅም።"

ባሌ መጋለጡን አልሰማም። መስኮቱ ጋ ልቀመጥ ያለ ዕለት እነግረዋለሁ።