ስለ ሦስት የፔንግዊን ጫጩቶች አፍ ለክቡር ዳይሬክተር የቀረበ ምስጋና

ስካርቦሮ፣ ሜይ 24 ቀን 2013

ይድረስ ለተከበሩ የእንስሳት መናፈሻችን ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለአፍዎና ለጉሮሮዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። እኔ የፔንግዊኖቹን ቤት የማጸዳው ውቢት ጥሩነህ ነኝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠርቻለሁ፤ ይህም ሲቪዬ ላይ ሰፍሯል፤ ለማንበብ ጊዜ ባለማግኘትዎ ግን ፈጽሞ አልተቀየምኩም። በእንግሊዝኛ ስነግርዎ አክሰንቴ እንደከበደዎት ስለገለጹልኝ፣ ዛሬ በአማርኛ ልሞክር ብዬ ነው።

1ኛ. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰኞ ጠዋት መስታወቱን ስወለውል፣ ከሦስቱ ጫጩቶች ትንሿ እናቷ ያጎረሰቻትን ዓሣ መዋጥ አቅቷት ስትተፋ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ምላሷ ላይ የደረቀ አይብ የመሰለ ቢጫ ነገር ተጋግሯል። በዶሮ ጫጩቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይቼ ስለማውቅ፣ ባክቴሪያ የሚያመጣው የአፍ በሽታ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ካልታከመም በረሃብ እንደሚገድላት ለሱፐርቫይዘሬ ተናገርኩ። የዓሣ ትራፊ ነው አለችኝ። ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። «አንቺ ወለሉን እይ፤ አፉን ለእኛ ተዪው» አሉኝ። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱን ስለማይለይ፣ በአንቱታ እንደተናገሩኝ ቆጥሬዋለሁ።

2ኛ. ረቡዕ ትንሿ ሞተች። ከረጢት ውስጥ ስከታት የባዶ ጓንት ያህል ነበር የምትመዝነው። በዚህ ተራ ቁጥር የማመሰግንዎትን ነገር ፈልጌ አላገኘሁም።

3ኛ. ስለ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። ሐሙስ ዕለት የሁለተኛዋም ምላስ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እንደ ዕድል ሆኖ የእንስሳት ሐኪሙ የቀጭኔ ሰኮና ሊያይ መጥቶ ስለነበር፣ ጓንት አጥልቄ ጫጩቷን አነሣሁና አፏን ከፍቼ ፊቱ ቆምኩ። እሱም ከጉሮሮዋ ናሙና ወሰደና ወዲያውኑ መድኃኒት ጀመረላት፤ ውጤቱም ባክቴሪያ መሆኑን አረጋገጠ። በሁለት ሳምንት ዓሣዋን እየዋጠች ክብደት ጨመረች። እርስዎም ያለ ፈቃድ እንስሳ ነክተሻል ብለው ጻፉልኝ። ባለቤቴ እሸቱ ደብዳቤውን ፍሬም አስገብቶ ሳሎን ሰቅሎታል፤ እንግዶች ዲፕሎማ ይመስላቸዋል።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሚቀጥሉት ጫጩቶች በየጠዋቱ አፋቸውን የሚያይ ሰው ይመደብላቸው። እኔን መመደብ የማይመችዎ ከሆነ አክሰንት የሌለው ሰው ይፈልጉ።

ጎንበስ ማለት ሥራዬ በመሆኑ፣ ሳልቸገር ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የመልካም አስተዳደርዎ ተጠቃሚ፣

ውቢት ጥሩነህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ያዳንናት ጫጩት» በሚል ርእስ በመናፈሻው ጋዜጣ የወጣው ፎቶዎ እጅግ ያምራል። ብቻ ያቀፏት ክንፏ ላይ ቀይ የመለያ ቀለበት ያላት ሦስተኛዋ ናት፤ እሷ አንድም ቀን ታምማ አታውቅም። የዳነችው ባለ ሰማያዊ ቀለበቷ ናት። ሊያቅፏት ሲሞክሩ አጥብቃ ትነክሳለች፤ አፏ ጤነኛ መሆኑን ያረጋገጥኩትም በዚያው ነው።