ብርቱካን የማያሳልፍ ፍርግርግ

ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ
ነሐሴ 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ፣ ለነዝናዛዋ ለዮአዳን ፊሊጶስ፣ ኬፕታውን ካለሽበት፤

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ታላቅ ዜና በክብር አስታውቅሻለሁ፤ ከተቻለሽ ቆመሽ አንብቢው። ለረጅም ዓመታት በሳሎናችን በቅንነት ሲያገለግል የቆየው ፒያኖ ካለፈው ወር ጀምሮ የኩሽና በር ዘበኛ ሆኖ ተሹሟል። ሹመቱን የሰጡት ክቡር አባትሽ ዶክተር ፊሊጶስ ሲሆኑ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ እናትሽ የሺሃረግ በአንድ በኩል እየገፋች፣ እኔ በሌላ በኩል እየመከርኩ ተገኝተናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን በሄድንበት ሌቦች በኩሽናው በር ገብተው ቴሌቪዥኑንና የአባትሽን ላፕቶፕ ወሰዱ። ማንም አልተጎዳም፤ አትደንግጪ። ፒያኖውን ግን ዞር ብለውም አላዩት። ይህች ከተማ ሙዚቃ የሚያውቅ ሌባ እንኳ የላትም! ከዚያ ወዲህ አባትሽ የኩሽናውን በር በፒያኖ ዘጋ፤ የቀረውን በርና መስኮት፣ በረንዳውን ሳይቀር፣ በፍርግርግ ብረት አጠረ። ቁልፎቹን ሰብስቦ ሆስፒታል ይዞ ይሄዳል። «አባዬ በር ረስቶ ክፍት ይተዋል» ይላል። አንድ ቀን ነው የረሳሁት። እሺ፣ ሁለት። ጠዋት ሲወጡ ከውጭ ይቆልፉብኛል፤ ማታ ሲመለሱ ይከፍቱልኛል። በመሀሉ ፀሐይዋ የብረቱን ጥላ ወለሉ ላይ አንጥፋልኝ ትሄዳለች። ጓሮ ድመት ባለፈ ቁጥር ለሌባ ብሎ ያስገጠመው አላርም ስለሚጮህ ሳስነጥስ እንኳ እየተሳቀቅሁ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባለፈው ስትደውዪ እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች «እህ፣ እህ» ብቻ እያልኩ ዘጋሁት። የሰማሁት ግን አንድም ሳይቀር ነው። መምህርሽ የደረስሽውን ሙዚቃ አዳምጦ ሲያበቃ «ይህ የጣት ማፍታቻ እንጂ ሙዚቃ አይደለም» አለሽ። አንቺም ትምህርቱን ትተሽ፣ በመስከረም ረፍት ዕቃሽን ጠቅልለሽ ልትመጪ ነው። «አንተም ብቻህን ነህ አባባ፤ አብረን እንውላለን» አልሽኝ።

አሁን ልመልስልሽ።

ሌኒንግራድ ሙዚቃ ስማር መምህሮቻችን የድሮዎቹን የሙዚቃ ሰዎች ነገር እንደ ጎረቤት ሐሜት ነበር የሚያወሩልን። ታላቁን የሩሲያ ሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪን ያስተማረው አንቶን ሩቢንስታይን ነው። የተማሪውን ሙዚቃ ከልቡ ወዶለት አያውቅም። ልጁ ትምህርቱን እንደጨረሰ ሞስኮ ወስዶ ሥራ የሰጠው፣ ቤቱም ያሳደረው ደግሞ የአንቶን ታናሽ ወንድም ኒኮላይ ነው። መኝታ ክፍሎቻቸውን የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለነበር፣ ቻይኮቭስኪ ማታ ማታ የብዕሩ ጭረት ሰውየውን እንዳይረብሸው እንደሚሰጋ ለወንድሞቹ ጽፎላቸዋል። አየሽ፣ በሰው ቤት ተሳቅቆ መኖር በእኔ አልተጀመረም።

ከዓመታት በኋላ፣ በገና ዋዜማ፣ ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የደረሰውን አዲስ ሙዚቃ ለኒኮላይ ተጫወተለት። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ፤ ኒኮላይ ዝም። ሁሉም አለቀ፤ አሁንም ዝም። «እህስ?» ሲለው ነው ዝምታው የፈነዳው። የማይረባ ነው፣ ለጣት የማይመች ነው፣ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው፤ ሁለት ሦስት ገጽ ቢተርፍ ነው፣ የቀረው ይጣል! ቻይኮቭስኪ ክፍሉን ጥሎ ወጣ። ሰውየው ተከትሎት ሄዶ፣ እንዲህና እንዲያ አድርገህ ብትለውጠው ሲለው «አንዲት ኖታ አልለውጥም!» አለ።

እዚህ ላይ አጨብጭቢ። አጨበጨብሽ? እንግዲያው ቀሪውን ስሚ፤ ይሄኛውን ለአኩራፊ ተማሪ አይነግሩም። ጊዜ አለፈና ኒኮላይ ራሱ ያንን ሙዚቃ በአደባባይ ተጫወተው። ቻይኮቭስኪም በኋላ፣ በገዛ እጁ፣ ኖታውን ለወጠው።

ስለዚህ ለመምህርሽ «አንዲት ኖታ አልለውጥም» በይው። ከዚያ በርሽን ዝጊና ገጽ ሁለትን ለውጪ። የላክሽልኝን ስጫወተው ነው የከረምኩት። ገጽ ሁለት ላይ ግራ እጅሽ ዳገት መሀል እንደቆመች አህያ ነው፤ አይወጣ፣ አይወርድ። ገጽ ሦስትን ከነካሽ ግን አያት የለሽም።

እኔን ደግሞ ሰበብ አታድርጊኝ። ብቻውን ነው ያለሽ ማነው? ያ ትራምፔት ነፊው ጓደኛዬ ለገሠ እዚሁ ከተማ፣ ሂልብሮው ሰፈር ከልጁ ጋር ይኖራል። ሐሙስ ሐሙስ በታክሲ እየመጣ ይጠይቀኛል። በረንዳችን መንገድ ዳር ስለሆነ እሱ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ፣ ብረቱን ይዘን እናወጋለን።

«አምሃ! ክፈት እንጂ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ?»

«ቁልፉ ዶክተሩ ጋ ነው።»

«ታስሬያለሁ በለኛ!»

«አልታሰርኩም፤ እየተጠበቅሁ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«እስረኛ እንኳ ጠያቂ ሲመጣለት ይከፈትለታል።»

በሳቅ ሊወድቅ ነበር። «በል እንካ፣ እስረኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም» ብሎ ብርቱካን ሊያቀብለኝ ቢል ፍርግርጉ አላሳልፍ አለ። ሙዙ አለፈ። ብርቱካኑን እዚያው ቆሞ ልጦ፣ አንድ አንድ ፍልቃቂ አቀበለኝ።

ከዚያ ገባ ብዬ ገጽ ሦስትሽን ተጫወትኩለት፤ ድምፁ እስከ በረንዳው ይደርሳል። ስመለስ ባርኔጣውን አውልቋል።

«ማን የደረሰው ነው?»

«የልጄ ልጅ።»

«አትቀልድ!»

«እኔ ልሙት!»

«ድገመው እስቲ።»

ደገምኩለት። እንዲህ ያለ ወዳጅ እያለኝ አንቺን ለማጫወት ጊዜው ከየት ይመጣል? በዚህ ቤት አንድ ተጠባቂ ይበቃል። ክፍልሽን ጠርጌ አንሶላሽን ቀይሬዋለሁ፤ ለአቧራው ብዬ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ። ለረፍቱ ነይ፤ በትንሽ ሻንጣ። ረፍቱ ሲያልቅ ሻንጣሽን እኔው ራሴ እስከ ብረቱ አደርስልሻለሁ።

ጣትሽን ብርድ አይንካው። የሚነቅፍሽ አይጥፋ፤ ነቀፋውን የሚያበጥር ጆሮ ይስጥሽ። የገባሽበት በር ሁሉ ከውስጥ የሚከፈት ይሁንልሽ።

የሚያበሽቅሽና የሚወድሽ
አያትሽ አምሃ

መርቄሽ ሳበቃ ከምርቃቱ ጋር ውሸት ማሳደር ደስ አላለኝም። የሞስኮው ታሪክ እውነት ነው። ለገሠም፣ ብርቱካኑም፣ «ድገመው» ማለቱም እውነት ነው። የፈጠርኩት «ሐሙስ ሐሙስ» የሚለውን ብቻ ነው። የመጣው አንድ ቀን ነው።

ቢሆንም ነግሬሻለሁ፤ በትንሽ ሻንጣ።