የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ጓንጉል ሁለት ድምፆች

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ከአባታቸው ከቄስ ጓንጉል ፋንታሁንና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጥሩሐረግ ጌታሰው በ1942 ዓ.ም. በጋዝጊብላ ወረዳ ተወለዱ። እናታቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ አባታቸው በግእዝ ዜማ ያባብሏቸው ስለነበር አፋቸውን በየትኛው እንደፈቱ ለራሳቸውም አይታወቃቸውም ነበር። በልጅነታቸው ዜማን ጉም ተሸክሞት ከገደል ሲወጣ በሕልማቸው ያዩ ነበር፤ ሲያወሩት ሰምተን አንጠግብም ነበር።

በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ጎጃም ተሻግረው ድጓ ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. ተመልሰው ከወ/ሮ ውዴ መንግሥቴ ጋር በቁርባን ተጋቡ፤ ዮርዳኖስንና ምንይሉን ወለዱ፤ ሰቆጣ አጠገብ ባለች አጥቢያም መሪጌታ ሆኑ።

በ2008 ዓ.ም. ምንይሉ ከዓረብ አገር ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። የአባቱን የጠዋት ጸሎትና የፍትሐት ዜማ ቀድቶ በፍላሽ አኖረው። እሳቸውም ዘመኑ ነው ብለው ፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማጉያው ያዜማል፣ አገልጋዮቹ ቆመው ይሰማሉ፤ ቀስ በቀስ መቆሙም ቀረ። የዜማ ተማሪዎቻቸውም ፍላሹ ያውቀዋል እያሉ ተበተኑ። መሪጌታ አፋቸውን ዘግተው፣ የገዛ ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ በላይ ሲያልፍ በሰሙ ቁጥር የሞቱ ያህል ይሰማቸው እንደነበር ነግረውናል።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መብራት ሲቋረጥ ማጉያው ዝም አለ። ያን ጠዋት መሪጌታ ዜማውን ቢያነሡ የሚቀበላቸው ጠፋ። ደጀ ሰላሙ ላይ ተንበርክከው፣ «ያስረሳኋችሁ እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» እያሉ አለቀሱ። መብራት ከተመለሰም በኋላ ማጉያውን አላስከፈቱም። አምስት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ከሀ ሁ ጀመሩ።

አምና ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ሰለለ። ዜማውን በመቋሚያቸው መሬት እየመቱ፣ በእጃቸው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያስተምሩ ነበር። ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ዛሬ የፍትሐቱን ጸሎት ካህናቱ ያደርሳሉ፤ ዜማውን ግን አምስቱ ደቀ መዛሙርት ይላሉ። የደረሱት እስከ እኩሌታው ነው። ፍላሹ በእጃችን አለ፤ በራሳቸው ድምፅ ልንሸኛቸው እንችል ነበር። እሳቸው ግን ደቀ መዛሙርቱ ካልተማሩት ቦታ ሲደርሱ ዝም እንዲሉ አደራ ብለዋል። ስለዚህ ዜማው ሲቋረጥ ማንም አይደንግጥ፤ አብረን ዝም ብለን እንቆማለን።

የጎደለውን መላእክት ይሙሉላቸው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከቅዱሳን ማኅበር ይደምርልን።