ሄዶ ስላልተመለሰው ወለል

ለተከበሩ የሙዚየሙ የትርጉም ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ዐይንዎን፣ በተለይም ቀይ እስክሪብቶ የሚይዘውን እጅዎን አምላክ ይጠብቅልን። ያ እጅ አንድ ቀን ቢታመም የስንቱ ተርጓሚ ወረቀት ነጭ ሆኖ እንደሚቀር ሳስበው እደነግጣለሁ።

ራሴን ላስተዋውቅ። በክፍልዎ የቁፋሮ ጥናቶችን ከጣልያንኛ ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉመው ልጅ አጎት ነኝ። ሥራዬ ሬዲዮ መጠገን ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ ያስተማሩኝ ከዕቃ ጋር በካርቶን የሚመጡት መመሪያዎች ናቸው። በአነጋገሬ ድፍረት ከታየ ጥፋቱን በመመሪያዎቹ ላይ ያድርጉልኝ። ለመጻፍ የተነሣሁት የእህቴ ልጅ ከሥራዋ ትሰናበት ወይስ ትቆይ የሚለውን እርስዎ የሚመሩት ጉባኤ በመጪው ሰኞ ስለሚወስን ነው። እሷ ዝም ብላለች። ጨዋነቱን የወረሰችው ከአባቷ ወገን ነው፤ ከእናቷ ወገን እኔ አለሁ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «የመልስ ጉዞ» ብለው ስለሰየሙት አሠራር። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሌላ ሰው እንዲገባው ላስረዳ፤ ልጃችን ጣልያንኛውን ወደ እንግሊዝኛ ትተረጉማለች፤ ክፍልዎ ደግሞ ዋናውን መጽሐፍ ላላየ ሌላ ሰው እንግሊዝኛውን ሰጥቶ ወደ ጣልያንኛ እንዲመልሰው ያደርጋል። የተመለሰው ከዋናው ጋር ቃል በቃል ካልገጠመ ጥፋተኛዋ ልጃችን ናት። ለምሳሌ ጣልያኖቹ ቆፋሪዎች የጥንት ሰዎች ደብድበው ያጠነከሩትን የአፈር ወለል ባቱቶ ይሉታል። ልጃችን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግልጽ እንዲሆን የተደበደበ የአፈር ወለል ብላ ጻፈችው። አንዱ ቃል በመልሱ ጉዞ ቤተሰብ አፍርቶ አራት የጣልያንኛ ቃል ሆኖ መጣ፤ እርስዎም በወረቀቱ ዳር «ተርጓሚዋ ከራሷ ጨምራለች» ብለው ጻፉ። እኔ የሠራሁትን ሬዲዮ ባለቤቱ ድምፁን ሰምቶ ይዞት ይሄዳል እንጂ፣ ወደ ነበረበት ብልሽት መልሰህ አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም። ለካ እስከ ዛሬ ጥራት በሌለው አሠራር ስኖር ኖሬያለሁ።

፪. ስለ መላሹ ሰው አመራረጥ። ቀደም ሲል በመድኃኒት ማሸጊያዎች ላይ የሚጻፉ ማስጠንቀቂያዎችን ይተረጉም እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ጥንቁቅ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም። የቁፋሮ ጉድጓድ አይቶ አለማወቁም ነውር አይደለም። ሆኖም የመጽሐፉ ፎቶግራፎች በወረቀት ተሸፍነው ለምን እንደሚሰጡት ጸሐፊዎን ብጠይቃቸው፣ «ካያቸውማ ይገባዋላ!» አሉኝ። እንዲህ ላለ መልስ ባርኔጣዬን ከማውለቅ በቀር ምን አደርጋለሁ?

፫. ልጃችን ማስጠንቀቂያ ከተጻፈላት ወዲህ ጠረጴዛዋን ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ስላዛወሩላት። ሰላምታ የማይሰጣት ሠራተኛ የለም።

፬. በአርአያነት ስለሸለሙት ባልደረባዋ። እውነትም ብልህ ነው። ከበድ ያለ ቃል ሲያጋጥመው ጣልያንኛውን እንዳለ ትቶት ያልፋል። ያልተነካ ቃል ሳይነካ ይመለሳል፤ ነጥቡም ሙሉ ነው። ሥራውን በትልቁ አዳራሽ መስታወቶች ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። አንዲት ጎብኚ ፊቱ ቆማ አነበበች፣ መነጽሯን ወልውላ ደግማ አነበበች፣ በመጨረሻ ወደ ጥበቃው ዞራ እንግሊዝኛው የት እንዳለ ጠየቀችው። እሱም በኩራት «እሱ ነው እኮ እትዬ፣ የተሸለመ ነው» አላት። እኔም ተንኮል አያጣኝምና ልጃችንን አንቺስ እንደሱ ብታደርጊ ምን ይጎድልሻል ብዬ መከርኳት። ቀና ብላ አይታኝ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ማን እንዲያነበው ነው የምተረጉመው?» አለችኝ። መልሱ እርስዎ ዘንድ ካለ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፭. የስንብቱ ሐሳብ የተመሠረተበትን ገጽ ስለመምረጥዎ። በቁፋሮው ስለተገኘው ጥንታዊ ምድጃ ወለል የሚናገረውን ገጽ ማለቴ ነው። መቼም ከመጽሐፉ ሁሉ የከፋ ብለው የለዩት እርስዎ ነዎት። በግርጌውም «ተርጓሚዋ ደራሲዋ ያየችውን ጨርሶ አልተረዳችም» የሚል ቃል በገዛ እጅዎ አስፍረው ፈርመዋል። ያንን ወረቀት አደራ ይጠብቁልኝ፤ ሰኞ ይፈለጋል።

እንግዲህ ብዙ ሥራ እያለብዎ በወሬ አላድክምዎ። ቀይ ቀለምዎ እንዳይደርቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ ከአንድ ቃል በላይ ስለጨመርኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከተበታተኑ ሬዲዮኖቼ መካከል ተነሥቼ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የተርጓሚዋ አጎት

ማሳሰቢያ፦ አንድ ነገር ሊያመልጠኝ ነበር። የመጽሐፉ ደራሲ፣ ያንን ምድጃ ከአፈር ሥር ያወጣችው ጣልያናዊት ራሷ፣ በቅርቡ ሙዚየሙን ልትጎበኝ መጥታ ልጃችን አጠገብ፣ ከዚያችው ከመጸዳጃ ቤቱ በር ጎን ተቀምጣ ነበር። ልጃችን ስለ ምድጃው ወለል ግራ የገባትን ብትጠይቃት፣ «ይሄንንስ እኔው ልጻፈው» ብላ ብዕሩን ተቀበለቻት። ዕድሜዋን በሙሉ በእንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት። እርስዎ የፈረሙበት ያ ገጽ ከላይ እስከ ታች የደራሲዋ ነው፤ ልጃችን ከማስረከብ በቀር አንድ ቃል አልነካችም። ልጃችን እርስዎን ላለማሳፈር ብላ ዝም አለች፤ እኔ ግን ከእናቷ ወገን ስለሆንኩ ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። ሰኞ ከጉባኤው ልትገኝ ቆርጣለች። ስለ መቀመጫ አይጨነቁ፣ የልጃችንን ወንበር ታውቀዋለች። ቆፍራ ያገኘችው ምን እንደነበር ከእርስዎ አፍ ለመስማት እጅግ ጓጉታለች።